ወለድ፣ መሐርና የብድር ፈንዳችን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል በጉባኤ ላይ ሲነሣ ሁሉም የሚጠብቀው ገቢና ወጪ ነው። ገቢና ወጪው በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ ኦዲተሩም ፈርሞበታል። ስለዚህ የተሰጠንን ጊዜ ቁጥር በማንበብ አንጨርሰውም። ዛሬ የምንናገረው ከቁጥሩ ጀርባ ስላለው ነገር ነው።

ባለፈው ጉብኝት ከደጋፊዎቻችን ሁለት ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። አንደኛው፣ በቁጠባ ደብተራቸው ላይ ደህና ገንዘብ ያላቸው ብዙ ሙስሊም አባሎቻችን ለምን ብድር አይወስዱም የሚል ነው። ሁለተኛው በመንገድ ላይ እንደ ዋዛ የተነሣ ነው። አንዲት አባላችን ለእንግዳው እጇን ሳትዘረጋ፣ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰላም አለችው። «አስቀይሜያት ይሆን?» ብሎ ጠየቀን። አላስቀየማትም። ሰላምታዋ ሙሉ ነበር፤ የቀረው መነካካቱ ብቻ ነው። እኛ በደሴ ያደግን ሰዎች ይህን ሁለት ጊዜ አናስበውም። ከአንድ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም የሚወጣበት አገር ስለሆነ፣ ማን እጅ እንደሚሰጥ፣ ማን እንደማይሰጥ፣ ለሠርግ ሁለት በሬ ለምን እንደሚታረድ ከልጅነታችን እናውቃለን።

በአውሮፓ ግን ይኸው ትንሽ ነገር ፍርድ ቤት ደርሷል። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ2016 በስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ባለች ቴርቪል በምትባል ከተማ፣ ሁለት ወንድማማች ተማሪዎች የሴት መምህራቸውን እጅ አንጨብጥም አሉ። ትምህርት ቤቱ ፈቀደላቸው፤ የካንቶኑ ባለሥልጣናት ግን ፈቃዱን ሻሩትና እምቢ ባለ ተማሪ ወላጅ ላይ እስከ 5,000 ፍራንክ የሚደርስ ቅጣት ሊጣል እንደሚችል አስታወቁ። በስዊድን ደግሞ ለአስተርጓሚነት ሥራ የተጠራች ሙስሊም ሴት፣ ልክ እንደኛዋ አባል እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ስለሰላመተች ቃለ መጠይቁ እዚያው ተቋረጠባት። በ2018 የሠራተኛ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ አድልዎ ተፈጽሞባታል ብሎ 40,000 ክሮና እንዲከፈላት ወሰነ። ሁለቱም የምዕራብ አገሮች ናቸው፤ መልሳቸው ግን ለየቅል ነው። «ምዕራባውያን እንዲህ ናቸው» የሚለው አነጋገር ብዙ ርቀት እንደማያስኬድ ከዚህ መረዳት ይቻላል። «ሙስሊሞች እንዲህ ናቸው» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ወደ ወለድ።

ቃሉን ራሱን ተመልከቱት። ወለድ ማለት የተወለደ ማለት ነው፤ ገንዘብ ተቀምጦ ገንዘብ ወለደ። የእስልምና ሕግ የሚቃወመው ይህንኑ ነው። ቁርኣን በሁለተኛው ምዕራፍ፣ በአል በቀራ፣ ንግድን ፈቅዶ ሪባን ይከለክላል። ነጋዴ ዕቃ ገዝቶ አትርፎ ቢሸጥ ትርፉ ሐላል ነው፤ ዕቃው ቢሰበር፣ ገበያው ቢወድቅ ኪሳራውም የራሱ ነውና። አበዳሪው ግን ተበዳሪው ተሳካለትም ከሰረም ያንኑ ያህል ይጠብቃል። ኪሳራውን ሳይጋሩ ትርፍ መቁረጥ ነው የተከለከለው።

ይህ የሙስሊሞች ብቻ ጉዳይ የሚመስለን ክርስቲያኖች ካለን፣ ኦሪት ዘጸአትን ምዕራፍ 22ን እና ኦሪት ዘዳግምን ምዕራፍ 23ን ቤት ስንገባ እንመልከት። ለወንድም በወለድ ማበደር እዚያም ተከልክሏል። ደጋፊዎቻችን የመጡበት አውሮፓም ለብዙ መቶ ዓመታት ያስተማረው ይህንኑ ነበር። በ1179 በሮም የተሰበሰበው ሦስተኛው የላተራን ጉባኤ በወለድ የሚያበድር ክርስቲያን ቁርባን እንዳይቀበልና ሲሞትም በክርስቲያን ሥርዓት እንዳይቀበር ወስኗል። ለውጡ የመጣው ቀስ እያለ ነው። ጆን ካልቪን መጠነኛ ወለድ ኃጢአት አይደለም አለ፤ በእንግሊዝ ሄንሪ ስምንተኛ በ1545 እስከ መቶ አሥር ድረስ ፈቀደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፓርላማው መልሶ ከለከለ፤ በ1571 እንደገና ተፈቀደ። በዚህ ነገር ምዕራቡ ዓለምና ሙስሊሙ ዓለም አንድ አካባቢ ተነሥተው ነው የተለያዩት። እኛስ ብንሆን ከባድ ወለድ የሚወስደውን «አራጣ አበዳሪ» ስንል በአክብሮት አንልም፤ የወንጀል ሕጋችንም አራጣን ይቀጣል።

ስለ ቁጠባ ስናወራ መጥቀስ የሚገባን አንድ ታሪክ አለ፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ከልብ ወለድ ይጥማል። በ1963 አሕመድ አል ነጃር የተባለ፣ በምዕራብ ጀርመን የተማረ ግብፃዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ፣ በናይል ደልታ ባለችው ሚት ጋምር ከተማ አንድ የቁጠባ ባንክ ከፈተ። ሐሳቡን ያመጣው ከጀርመን ነው። በዚያ በየከተማው ያሉት ትንንሽ የቁጠባ ባንኮች ከሠራተኛና ከገበሬ ሳንቲም ሰብስበው መልሰው ለዚያው ሰፈር ሰው ያበድራሉ። ነጃር ይህን አሠራር ወስዶ ወለዱን አወጣው። ለቆጣቢው ወለድ አይከፈልም፤ ከተበዳሪውም አይጠየቅም፤ ገንዘቡን ለሥራ ያዋለ ሰው ትርፉንም ኪሳራውንም ይካፈላል፤ ለችግረኛ የሚሆን ሣጥንም ለብቻው ተከፈተ። እስከዚያ ድረስ ገንዘቡን በቤቱ የሚደብቅ ገበሬ ወደ ባንክ መጣ። በናስር ዘመን ሃይማኖትን ከፖለቲካ ጋር የሚያገናኝ ነገር ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ስለነበር፣ ባንኩ «እስላማዊ» የሚል ስም በሩ ላይ አልለጠፈም። ብዙ ዓመት አልቆየም፤ በ1967 ገደማ ነጻነቱን አጥቶ በመንግሥት ባንክ ተዋጠ። ሐሳቡ ግን አልሞተም። ከዘይት ዋጋ መናር በኋላ፣ በ1975፣ የዱባይ እስላማዊ ባንክና ጅዳ የሚገኘው የእስላማዊ ልማት ባንክ ሥራ ጀመሩ። የዛሬው ከወለድ ነጻ ባንክ አንዱ ሥሩ እንግዲህ የጀርመን ሰፈር ቁጠባ ነው። ደጋፊዎቻችን ይህን ሲሰሙ ደስ እንደሚላቸው እናምናለን።

ሙስሊሞች ሁሉ በአንድ ድምፅ ይናገራሉ ማለትም አይደለም። በ1989 የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሙሐመድ ሰይድ ጠንጣዊ አንዳንድ የመንግሥት የቁጠባ ሰነዶች ላይ የሚከፈለው ገንዘብ የተከለከለው ሪባ አይደለም የሚል ፈትዋ ሲሰጡ፣ ሌሎች ሊቃውንት በብርቱ ተቃወሟቸው። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ከእኛም አባላት መካከል የማኅበሩን ብድር ያለ ሐሳብ የወሰዱ ሙስሊሞች አሉ። «በቂያማ ቀን የምጠየቀው እኔ ነኝ» ብለው የተዉም አሉ። ማንኛዋ ትክክል ናት ብሎ መፍረድ የሒሳብ ክፍሉ ሥራ አይደለም፤ ሌላ ማንም በዚህ አዳራሽ ያለ ሰውም ባይሞክረው እንመርጣለን።

ምዕራባውያን መንግሥታትስ ምን አደረጉ? እንግሊዝን እንውሰድ። ቤት በወለድ መግዛት የማይፈልግ ሙስሊም ባንኩ ቤቱን ገዝቶ በትርፍ እንዲሸጥለት ይጠይቃል። ችግሩ፣ ቤቱ ሁለት ጊዜ ስለተሸጠ የንብረት ዝውውር ግብሩም ሁለት ጊዜ ይቆረጥ ነበር። በ2003 ያንን ድርብ ግብር የሚያስቀር ሕግ ወጣ። በ2014 የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ ሱኩክ የተባለውን ከወለድ ነጻ ሰነድ በ200 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ፤ ከምዕራብ ብሔራዊ መንግሥታት የመጀመሪያው ነበር። ለባለ ሀብቱ እንዲህ ፈጥኖ የተከፈተው በር ለተማሪው አልተከፈተም። የዩኒቨርሲቲ ብድር ወለድ ስላለው ወደ ትምህርት ያልገቡ ወይም ከኅሊናቸው እየተጣሉ የገቡ ሙስሊም ወጣቶች አሉ። በ2017 አማራጭ የሚፈቅድ ሕግ ቢወጣም ተግባሩ ለዓመታት ተጓተተ። ትልቅ ገንዘብ ሃይማኖት ሲኖረው ቶሎ ይሰማል፤ ትንሽ ገንዘብ ወረፋ ይጠብቃል። እኛ ደግሞ የምንሠራው በትንሹ ገንዘብ ነው።

የሴት ማኅበር ነንና፣ የሴት ቦርሳ የማን ነው የሚለውን ሳናነሣ አናልፍም።

በእስልምና ሕግ ያገባች ሴት ንብረቷ የራሷ ነው። ባል ለሚስቱ የሚሰጠው መሐር የእሷ እንጂ የአባቷም የባሏም አይደለም። ሠርታ ያገኘችውን ለቤት ወጪ አውጪ ብሎ ሊያስገድዳት አይችልም፤ ቤቱን የማስተዳደር ግዴታ የእሱ ነው። በእንግሊዝ ግን እስከ 1882ቱ የባለ ትዳር ሴቶች ንብረት ሕግ ድረስ የሚስት ገንዘብ በአብዛኛው የባል ነበር። በፈረንሳይ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ የመክፈት መብት ያገኘችው በ1965 ነው። በአሜሪካ አበዳሪዎች በፆታና በጋብቻ ምክንያት እንዳያዳሉ የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1974 ነው። እዚህ አዳራሽ ካሉት እናቶቻችን ብዙዎቹ ያኔ ተወልደዋል።

ይህን ተናግረን ብቻ ብንቀመጥ ግማሹን ሒሳብ አንብቦ መዝገቡን እንደ መዝጋት ይሆናል። በዚያው የእስልምና ሕግ ሴት ልጅ ከአባቷ የምትወርሰው የወንድሟን ግማሽ ነው። ምክንያቱ ወንዱ ቤተሰብ የማስተዳደር ሸክም ስላለበት ነው ይባላል፤ ሆኖም ቤቱን ሴቷ በምታስተዳድርበት ጊዜ ሒሳቡ እንዴት ይሆናል የሚለውን ሙስሊም ሴቶች ራሳቸው ይጠይቃሉ። የቱኒዚያው ፕሬዝዳንት ቤጂ ቃኢድ አልሰብሲ በ2018 የእኩል ውርስ ሕግ አቅርበው ነበር፤ ሳይጸድቅ በ2019 አረፉ። በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ቦርሳዋ የራሷ የሆነች ሴት እስከ 2018 መኪና መንዳት፣ እስከ 2019 ያለ ወንድ ዘመድ ፈቃድ ፓስፖርት ማውጣት አትችልም ነበር። ገንዘቡ የእሷ፣ መንገዱ የሌላ። ዓረብ አገር ሠርተው የተመለሱ አባሎቻችን ይህን ከእኛ በተሻለ ይነግሯችኋል።

ስለ ልብስም ትንሽ። ፈረንሳይ በ1905 ሃይማኖትንና መንግሥትን የለየች አገር ናት። በ2004 ባወጣችው ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሒጃብን ጨምሮ ጎልቶ የሚታይ የሃይማኖት ምልክት ከለከለች። እንግሊዝ በበኩሏ በ2001 የለንደን ፖሊስ ሴት ባልደረቦች ሒጃብን ከደንብ ልብሳቸው ጋር እንዲያደርጉ ፈቅዳ ነበር። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነው ቱርክስ? ሒጃብ ያደረገች ሴት በመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዳትሠራ ከልክላ ቆይታ ክልከላውን ያነሣችው በ2013 ነው። እንግዲህ ክልከላውም ፈቃዱም በሁለቱም ወገን አለ። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ላይም መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ተብሎ ተጽፏል፤ ነገር ግን ነጠላዋም ሻሿም አንድ መስኮት ላይ ወረፋ ይዘው ታያላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ እምነት ከገበያ ጋር ሲገናኝ ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ አስቀድሞ አይታወቅም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በጥር 2022 የሳምንቱን ዕረፍት ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛወረች፤ ዓርብ ግማሽ ቀን ሆነ፣ የጁምዓ ሶላትም ሰዓት ተወሰነለት። ያዛወራት ከዓለም ገበያ ጋር በአንድ ቀን የመሥራት ፍላጎት ነው። ከዱባይ ሐዋላ የሚላክላቸው አባሎቻችን ገንዘቡ የሚደርስበት ቀን ለምን እንደተቀየረ ሲጠይቁን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በአገራችን ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነጻ የባንክ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጥ መመሪያ ያወጣው በ2011 ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነ ባንክ በ2019 ተፈቀደ፤ ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች በ2021 ሥራ ጀመሩ። ከዚያ በፊት አጥባቂ ሙስሊም ገንዘቡን ባንክ ቢያስቀምጥም ወለዱን አትጻፉብኝ ይል ነበር፤ አለዚያም ከነጭራሹ በቤቱ ያስቀምጥ ነበር። እኛ ግን ከወለድ ነጻ ነገር ከባንኮቹ በፊት እናውቃለን፤ ዕቁብ ነው። ሃያ ሰው በየሳምንቱ እኩል ያዋጣል፣ አንዱ ያነሣል፣ ማንም ካዋጣው በላይ አይወስድም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ዕቁብ ላይ ሲቀመጥ የኖረው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ማኅበራችንም ከዕቁብ ነው የተወለደው። ወለድ የመጣው ተዘዋዋሪ ፈንዱ ሲመጣ ነው።

በፈንዱ ውል ላይ «ገንዘቡ በየዓመቱ በወለድ ማደግ አለበት» የሚል አንቀጽ አለ። ያንን አንቀጽ ማንም በክፋት አልጻፈውም፤ ፈንዱ በዋጋ ንረት እንዳያልቅ ነው። ውጤቱ ግን ይህ ሆነ። ቁጠባቸውን በየወሩ ሳያጓድሉ የሚያስገቡ አባላት ብድሩን ሳይነኩት ይቀራሉ፤ የእነሱም ገንዘብ ለሌላው ይበደራል። ገንዘብ ሲቸግራቸው ከነጋዴ በዱቤ በውድ ይገዛሉ። አንዲት አባላችን የልብስ ስፌት መኪና ለመግዛት የመሐር ወርቋን ሸጠች። ሕጓ የራስሽ ነው ያላትን ንብረት፣ እኛ ያዘጋጀነው ብድር ለእሷ ስላልሆነ አወጣችው።

የሒሳብ ክፍሉ የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከወለዱ ብድር ጎን ሙራባሃ የሚባለውን የሽያጭ አሠራር እንክፈት። ለምሳሌ አንዲት አባል 18,000 ብር የሚያወጣ መኪና ፈለገች እንበል። ዛሬ በብድር ብትወስድ በመቶ አሥር በቀጥታ ሲሰላ በዓመት 1,800 ብር ወለድ ትከፍላለች። በአዲሱ አሠራር ማኅበሩ መኪናውን ራሱ በ18,000 ይገዛል፣ በስሙ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ተረክቦ በ19,800 ይሸጥላታል፤ እሷም በየወሩ 1,650 ብር በአሥራ ሁለት ወር ትከፍላለች።

«ታዲያ ይኸው አይደለም እንዴ? ያው 1,800!» የምትሉ እንዳላችሁ ፊታችሁ ይናገራል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ አንክድም። ሙስሊም የኢኮኖሚ ባለሙያዎችም ይህን አሠራር ስሙን የቀየረ ወለድ ነው ብለው የሚተቹ አሉ፤ ገንዘቡ በወረቀት ላይ ብቻ ዞሮ ዕቃው ካልተገዛ ትችታቸው ልክ ነው። ልዩነቱ ያለው ነገር ሲበላሽ ነው። መኪናው እኛ እጅ ሳለ ቢሰበር ኪሳራው የማኅበሩ ነው። አባሏ ታምማ ሦስት ወር ብትዘገይ ዕዳዋ ያው 19,800 ነው፤ አንድ ብር አይጨምርም። አሁን ባለው የብድር ውል ግን የዘገየ ገንዘብ ላይ ወለድ ይቆጠራል። ሆን ብላ የምታዘገይ ላይ ቅጣት ቢጣል እንኳ ቅጣቱ ለማኅበሩ ገቢ አይሆንም፣ ለችግረኛ ሣጥን ይገባል። ለሒሳብ ሠራተኛ ይህ ቀላል አይደለም፤ ዕቃ ተረክቦ ማቆየት፣ ሁለት ደረሰኝ ማያያዝ፣ ኪሳራ ቢመጣ የሚሸፈንበት መጠባበቂያ መያዝ ይጠይቃል። ለመደገስ ጥሬ ገንዘብ የምትፈልግም በዚህ መስኮት አታገኝም፤ የሚሸጠው ዕቃ ነው።

ከክርስቲያን አባሎቻችን «ለእነሱ የተለየ ነገር ለምን?» የሚል ሰምተናል። መስኮቱ የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም፤ በዚህ መግዛት የምትፈልግ ሁሉ ትገዛለች። እንዲያውም በሽታ ያለባት፣ ገቢዋ የሚዋዥቅ ሴት ይህንን ብትመርጥ አይገርመንም። ከሙስሊም አባሎቻችን ደግሞ «ማን አየልን?» የሚል ጥያቄ መጥቷል። የውሉን ረቂቅ እነሱ ለሚያምኗቸው ሼሆች ወስደው ያስነብቡ፤ የተባለውን እንቀበላለን፣ ሒሳቡም ለብቻው በከወለድ ነጻ የባንክ ሒሳብ ይያዛል።

ለደጋፊዎቻችን የምንጠይቀው ተጨማሪ ገንዘብ አይደለም። በውሉ ውስጥ «በወለድ» የሚለው ቃል «በወለድ ወይም በሽያጭ ትርፍ» ተብሎ እንዲስተካከል ነው። የእናንተ አገር ሕግ አውጪዎች ለቤት ገዢዎች ያደረጉትን ዓይነት ማስተካከያ ነው፤ የእኛው በጥቂት ቃል ያልቃል።

ድምፅ የሚሰጠው ከምሳ በኋላ ነው። የውሉ ረቂቅ በአማርኛ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ማንበብ ለሚያዳግታቸው እናቶች የሒሳብ ክፍሉ ልጆች ቁጭ ብለው ያነብቡላቸዋል። ሐሳቡ ካለፈ ማመልከቻ ከሰኞ ጀምሮ እንቀበላለን። ዓርብ ከሰዓት ለጁምዓ ብለን የምንዘጋው ሰዓት እንደ በፊቱ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ኑ።